ባለቤት የሌለው ድንጋይ የለም፦ በእግር ጉዞ ላይ ከመሬቱ ባገኙት ነገር የጥበብ ሥራ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ1967 እ.ኤ.አ. በለንደን የሥነ ጥበብ ተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎንግ ባቡር ተሳፍሮ ከከተማ ወጣ። ዊልትሻየር ውስጥ አንድ ሜዳ መረጠና በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ እየተመላለሰ ሣሩን ረገጠው። የተኛው ሣር ብርሃን ሲያርፍበት መስመሩ ጎልቶ ወጣ፤ ፎቶግራፍ አነሣውና ሄደ። ሥራው እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚያ ፎቶግራፍ ነው።

ይህን ያየ ሰው «ይህማ እኔንም አያቅተኝም» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር የሚበላሸው ወደ ኮረብታው ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ሲቆጥር ነው።

ቅርፁን ከቤት ይዞ መውጣት። ክብ በደብተሩ ላይ ስሎ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ድቡልቡል ድንጋይ ሲፈልግ ይውላል። እንጦጦ በእጅዎ የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር ነው፤ ከባሕር ዛፉ ግንድ በረጅሙ እየተላጠ የሚወድቀውን ቅርፊት። ውጩ ግራጫ፣ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ነው። ደረቁን ለማጠፍ ከሞከሩ ይሰበራል፤ ዝናብ ወይም የጠዋት ጤዛ ካራሰው ግን ይለዝባል፣ በሚፈልጉት በኩልም ይዞራል። የውስጡን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ከአንዱ ግንድ ሥር ወደ ሌላው እያያያዙ ቢዘረጉት በዛፎቹ ጥላ መካከል የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር ያገኛሉ። ይህን ቤት ተቀምጦ የሚያስበው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳያነሡ ይሂዱ፤ በመንገዱ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመዎት ነገር ምን እንደሆነ ዓይንዎ እስኪለየው ድረስ።

«ወድቆ ያገኘሁት ነው» ማለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እዚያው እንጦጦ ላይ መሬቱን ያለበሰው ደረቅ ቅጠል እናቶች ጠርገው፣ አስረውና በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱት የምጣድ ማገዶ ነው። በውጭ አገር መጽሔት ላይ «የተፈጥሮ ስጦታ» የሚባለው ቅጠል እኛ ዘንድ የአንድ ቤት የዕለት ገቢ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩም እንዲሁ ነው። በሁለት ማሳዎች መካከል ተተክሎ የቆመው ድንበር ነው፤ እሱን መንካት ጎረቤታሞችን ፍርድ ቤት ማድረስ ነው። በተዳፋቱ ላይ የተደረደረው እርከን ነው፤ አንዱን ቢነቅሉ በክረምቱ ጎርፍ አፈሩ ይከተለዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን የድንጋይ እርከን ያየ ሰው ድንጋይ መደርደር ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ አይጠፋውም። ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ሦስት ድንጋዮች ተቀራርበው ውስጣቸው ጥላሸት ከለበሰ የእረኞች ጉልቻ ነው፣ ነገም ይፈለጋል። ቅቤ የተቀባ ወይም ክር የታሰረበት ዛፍ ካዩ ከግርጌው ምንም አይሥሩ፤ አድባር ነው።

መፍትሔው መጠየቅ ነው። በአገራችን ኮረብታ ላይ ብቻዎን የሆኑ ሲመስልዎት እንኳ ከሩቅ የሚያይዎት እረኛ አይጠፋም። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ይህች ድንጋይ የማን ናት? ባነሣት ይከፋዎታል?» ብሎ መጀመር ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስልዎት ጥያቄ ነው፦ «ለምንህ ነው?» መልሱን ያዘጋጁ። ለጥበብ ነው ብሎ ከማብራራት ይልቅ እየሠሩ ማሳየት ይቀላል። እረኞቹ ደግሞ የትኛው ድንጋይ ከየት ተንከባልሎ እንደመጣ ከእርስዎ በተሻለ ያውቃሉ።

ባልጩት ሰብስቦ መደርደር። በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት በብዛት ይገኛል፤ ፀሐይ ላይ ስለሚያምር እጅ ይስባል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባሉት በመልካ ቁንጡሬና በባልጪት መሬት ላይ ተበትነው የሚታዩት ስንጣሪዎች የጥንት ሰዎች የጠረቧቸው መሣሪያዎችና የጠረባው ትራፊዎች ናቸው። ቦታው በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አጥኚዎች ብዙ ነገር የሚያነቡት ስንጣሪው ካረፈበት ቦታ ነው፤ በቀለም ለይተው ክብ አድርገው ከደረደሩት ያ መረጃ ጠፋ ማለት ነው። ጠርዙ ወጥና ሹል የሆነ ባልጩት የትም ቢያገኙ በዓይንዎ አይተው ይለፉት።

ከቆመ ዛፍ መቁረጥ፣ ድንጋይ በባዶ እጅ መገልበጥ። የመጀመሪያው ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛውን ጊንጥ ያስረዳዎታል።

ሙጫ፣ ሽቦ፣ ቀለም መያዝ። ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖረው የሥነ ጥበብ ሰው አንዲ ጎልድስወርዚ ቅጠልን ከቅጠል የሚያያይዘው በእሾህ ነው፤ ምራቁን እንደ ማጣበቂያ የተጠቀመበትም ጊዜ አለ። እኛ የግራር እሾህ ሞልቶናል፦ ነጭ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ሁለት ቅጠሎችን በጫፋቸው ደራርበው እሾሁን በአንድ በኩል ያስገቡትና ከደም ሥሩ ማዶ መልሰው ያውጡት። ደም ሥሩን ካልያዘ ቅጠሉ ይቀደዳል። በጣም የደረቀ ቅጠል ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ገና ከወደቀ ብዙ ያልቆየ ነው። በመስከረም አደይ አበባን ለቢጫው ብለው መቅጠፍ ሊያምርዎት ይችላል፤ ዘር ሳይጥል የተቀጠፈ ግን ለከርሞ አይበቅልም። በበኩሌ ነፋስ ያረገፈውን ብቻ መጠቀም ይበቃል ባይ ነኝ።

እንዲቆይ መፈለግ። የሥነ ጥበብ ሰው የነበረው ሮበርት ስሚዝሰን በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት በታላቁ ጨው ሐይቅ ዳር የሠራው ጠመዝማዛ የድንጋይ መንገድ 460 ሜትር ያህል ይረዝማል። የጭነት መኪናዎች ነበሩት፤ ከስድስት ሺህ ቶን በላይ ጥቁር ድንጋይና አፈር ፈሶበታል። እንደዚያም ሆኖ ሐይቁ ሞልቶ ለዓመታት ዋጠው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ከዚህ ጋር ለምን ይፎካከራል? በተለይ በውኃ ቦይ ውስጥ ድንጋይ አይከምሩ፤ ጎርፉ አቅጣጫ ቀይሮ የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። በእግር መንገድ ዳር የሚከመር ድንጋይም መንገድ የማያውቀውን መንገደኛ ያሳስታል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ድንጋይም ቅጠልም ባለበት ይቆይ፤ እዚያ በእግር የሚረገጥ መስመር እንኳ ከተፈቀደው መንገድ መውጣት የለበትም።

በእኩለ ቀን ፎቶግራፍ ማንሣት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ የተረገጠው ሣር መስመር አይታይም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያንሡ። አንዱን ፎቶግራፍ ከቅርብ፣ ሌላውን ኮረብታው በሙሉ እስኪታይ ርቀው ያንሡት፤ ያለ ቦታው የተነሣ ሥራ የትም ሊሠራ የሚችል ነገር መስሎ ይቀራል። ከዚያ ድንጋዮቹን ወደነበሩበት ይመልሱ፣ ቅርፊቱንም ማገዶ ለቃሚ በሚያገኘው ቦታ ሰብስበው ያኑሩት። በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጥፉ ካርታ ላይ ትክክለኛውን ነጥብ አያስቀምጡ፤ በማግስቱ ሃያ ሰው የገበሬውን ሣር ይረግጠዋል። የወረዳውን ስም መጻፍ ይበቃል።