ጌሾው የሚጣፍጥበት ነጣ ያለ የገብስ ጠላ

ጠላ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚወሰነው ምሬቱ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ቤቴ ለ20 ሊትር ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ የገብስ ብቅልና 3 ኪሎ የገብስ ዱቄት እይዛለሁ። ከጌሾው እንጨቱን ቀንሼ ቅጠሉን አበዛለሁ፤ ጣዕሙን እወደዋለሁ።

እንስራውን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥናለሁ። የተወቀጠውን ጌሾ በ5 ሊትር ውኃ እጠነስሳለሁ። ቆላ ቶሎ የሚደርስ ጥንስስ እኛ ጋ በኅዳር ብርድ 4 ቀን ይፈልጋል፤ እባካችሁ አታጣድፉት። ከዚያ ብቅሉ ይገባል።

ልፋቱ ያለው እንኩሮው ላይ ነው። ዱቄቱን በውኃ አርሼ ምጣድ ላይ ሳገላብጥ ዓይኔን አልነቅልም። የገለባ ቀለም ሲይዝና ቤቱን የቆሎ ሽታ ሲሞላው ወዲያው አወጣዋለሁ። ትንሽ ከዘገየ ጠላው ይጠቁራል፤ እርሩ የጌሾውን ጣዕም ይውጠዋል። አምና ለጥምቀት የጠመቅሁት እንዲህ ሆኖብኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንኩሮው ፈጽሞ ሳይበርድ ከጥንስሱ ጋር አይቀላቀልም፤ ትኩሳቱ እርሾውን ይገድለዋል። ቅልቅሉ፣ ማለትም ድፍድፉ፣ 3 ቀን ከፈላ በኋላ የቀረውን ውኃ ጨምሬ አፉን አጥብቄ እከድናለሁ። አተላው ወደ ታች ሲረጋ፣ በ5ኛው ቀን ገደማ፣ ከላይ የጠራውን ቀስ ብዬ እቀዳለሁ።