ኩንታልን ወደ ኪሎ በራስት፦ ፍሮም መቼ፣ ትራይፍሮም መቼ

ደሴ ያለው ነጋዴ በኩንታል ያዛል። ኮምቦልቻ ያለው መጋዘን ደግሞ በኪሎ ይመዝናል። በራስት የፕሮግራም ቋንቋ በጻፋችሁት ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱንም ዩ32 (u32፣ ባለ 32 ቢት አሉታዊ ያልሆነ ሙሉ ቁጥር) ብላችሁ ካስቀመጣችኋቸው፣ የሐረጎን ዳገት ሊወጣ አይሱዙ ላይ የተጫነው 40 ኩንታል ማሽላ ደረሰኝ ላይ 40 ኪሎ ሆኖ ቢገባ ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ኮምፓይለር ትንፍሽ አይልም። ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

ስለዚህ ለየራሳቸው ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ስጧቸው። ኩንታል የሚባለው ስትራክት (የራሳችሁ ታይፕ መሥሪያ) ዩ32 ይያዝ፣ ኪሎ የሚባለው ባለ 64 ቢቱን ዩ64። ስሞቹን በፊደላችን መጻፍ ትችላላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 1.53 ጀምሮ ራስት ይቀበላል፣ እኔም በጣም ደስ ይለኛል። ኪሎ ዩ64 የሆነው ትልቅ ኩንታል በ100 ሲባዛ ዩ32 ስለማይበቃው ነው። ፍሮም (From) አንዱን ታይፕ ወደ ሌላ የመቀየሪያ የራስት ውል ሲሆን፣ የሚጻፈው መቼም ለማይከሽፍ ቅየራ ብቻ ነው።

አሁን ለኪሎ ፍሮምን ኢምፕሊመንት አድርጉ፤ ምንጩ ኩንታል ነው። ውስጡ ፍሮም የምትባል አንዲት ፋንክሽን ብቻ አለች። ኩንታሉን ትቀበላለች፣ ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ ዩ64 ትቀይራለች፣ ከዚያ በ100 አባዝታ ኪሎ ትመልሳለች። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ገና ዩ32 እያለ ካባዛችሁትና ቁጥሩ ከዩ32 አቅም ካለፈ፣ በዲበግ (በመሞከሪያው ግንባታ) ፕሮግራሙ ይቆማል፤ በሪሊዝ (ለሥራ በሚወጣው ግንባታ) ግን ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ እሱ ይብሳል።

ያንኑ ቅየራ ከምንጩ በኩል የሚጠራውን ኢንቱን (Into) አትጻፉ። ፍሮም ካለ በነፃ ይመጣል።

ወደ ኋላ ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። 250 ኪሎ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው፣ ግማሹ የት ይግባ? ከቆረጣችሁት የሰው 50 ኪሎ እህል ጠፋ። እዚህ ላይ ነው ትራይፍሮም (TryFrom)፣ ሊከሽፍ ለሚችል ቅየራ የተሠራው ውል፣ የሚያስፈልገው። መጀመሪያ የስህተቱን ታይፕ ትሰይማላችሁ፣ ከዚያ ትራይ_ፍሮም የምትባለዋ ፋንክሽን ሪዘልት (ወይ ውጤቱን ወይ ስህተቱን የሚይዝ ታይፕ) ትመልሳለች። ኪሎው ለ100 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ስህተት መልሱ። ከተካፈለም ውጤቱ ዩ32 ውስጥ መግባቱን በዩ32 ትራይ_ፍሮም አረጋግጡ። አዝ (as) በምትባለው ቃል እንዳትቀይሩት፤ ዩ32 ውስጥ ያለ 300ን በአዝ ወደ ባለ 8 ቢቱ ዩ8 ብትቀይሩት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 44 ይሆናል።

ቀንም እንደዚሁ ነው። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ፣ ከሦስት ቁጥሮች ቀን የሚሠራው ኮድ ትራይፍሮም መሆን አለበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከምንጩና ከመድረሻው ቢያንስ አንዱ የራሳችሁ ታይፕ ካልሆነ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል፤ ዩ32ን ወደ ስትሪንግ የሚቀይር ፍሮም ልጻፍ ብትሉ አይፈቀድም። ሌላው፣ ለራሳችሁ የስህተት ታይፕ ከትራይፍሮሙ ስህተት የሚነሳ ፍሮም ከጻፋችሁ፣ ስህተትን ወደ ጠሪው የምታሳልፈው የጥያቄ ምልክቷ (?) ቅየራውን ራሷ ትሠራላችኋለች፤ ውጤትና ስህተትን ለመለየት በየመስመሩ ማች (match) መደርደር ይቀራል።