አሮጌ መኪናን በጅማ በስም ማዞር፦ መስኮቱ ፊት ከመቆም በፊት የሚሠራው ሥራ

በጅማ ከአባታቸው የወረሱትን ወይም ከአንድ አዛውንት የገዙትን ቮልስዋገን፣ ሰይቼንቶ ወይም ላንድሮቨር በስማቸው ለማዞር ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚነሣው መኪናው፣ ሊብሬውና በመዝገብ ቤት ያለው ፋይል ሦስት የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው። ሠራተኛው በገዛ ስሙ ፈርሞ ማኅተም ያስመታል፤ ነገ ፋይሉ ሲመረመር የሚጠየቀውም እርሱ ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ አስቀድሞ ሦስቱን ካስማማ፣ ያልተስማማውንም በወረቀት ካስደገፈ፣ መስኮቱ ላይ የሚቀረው ክርክር ጥቂት ነው። እዚህ ምሳሌ የማደርገው በእጄ ያለውን ቮልስዋገን ነው፤ የሌላ መኪና ባለቤት የቁጥሮቹን ቦታ መኪናውን ከሚያውቅ መካኒክ ይጠይቅ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን ከመኪናው ላይ ማንበብ

ሊብሬውን ለጊዜው ያስቀምጡትና ከብረቱ ይጀምሩ። በቮልስዋገን ላይ የሻንሲ ቁጥሩ (የመኪናው አካል መለያ ቁጥር) የተቀረጸው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሐል ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው ጉብ ያለ ብረት ላይ ነው። የፊቱ ኮፈን ሲከፈት በምትታየው ትንሽ ሳህን ላይም ያው ቁጥር ይገኛል። የሞተር ቁጥሩን የሚያገኙት ከኋላ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት ማቆሚያ ግርጌ በሞተሩ አካል ላይ ነው። የዚህ መኪና ባትሪ የሚቀመጠውም ከኋላ መቀመጫ ሥር በመሆኑ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላል፤ የጅማ ዝናብና እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ በሻንሲ ቁጥሩ አካባቢ ዝገት መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ፣ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቁ። የተፋቀ ቁጥር ለመርማሪው ዓይን ከተቀየረ ቁጥር አይለይም፤ ያን ጥርጣሬ አንዴ ካስነሡ ጉዳዩ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ፖሊስ ምርመራ ሊሄድ ይችላል። ናፍጣ በነካ ጨርቅ ደጋግመው ያርሱትና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፤ ከዚያ ስስ ወረቀት አጋድመው በእርሳስ ጎን ሲያሹበት ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ይነሣል። በስልክም ፎቶ ያንሱት፤ አንዱን ፎቶ ከቅርብ፣ ሌላውን መቀመጫውና ወለሉ አብረው እንዲታዩ አድርገው ከራቅ ብለው ያንሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀው የቁጥሩ ርዝመት ነው። የዛሬዎቹ መኪናዎች የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ ይህ አሠራር የተለመደው ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ያለው ቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ሲሆን፣ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ዐሥር ሆኗል። አንድ ጊዜ በአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት ሠራተኛ የእኔን ቁጥር ቆጥሮ «ጎዶሎ ነው፣ የቀሩትን ስምንት ቁጥሮች ይዘው ይምጡ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ አንድ ሳምንት አስከፈለኝ፤ ልጁ በዕድሜው ካየው መኪና ሁሉ 17 አኃዝ የሌለው የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሁለተኛው ጉዞዬ ከእርሳሱ ወረቀትና ከፎቶው ጋር በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ የተሰጠውን የመጀመሪያ ሊብሬ ኮፒ አቀረብሁ፤ ያው ዘጠኝ አኃዝ ያኔም ተጽፎ ሲያይ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

ደረጃ 2፦ ዓመተ ምሕረቱን ማስታረቅ

በሊብሬው ላይ «የተመረተበት ዘመን» የሚለውን መስመር በጥንቃቄ ያንብቡ። የድሮ ጸሐፊዎች አንዳንዴ በእኛ፣ አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፉ ስለነበር 1960 የሚል ሊብሬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1960 ወይም የ1968 መኪና ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚፈታው ራሱ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በ118 የሚጀምር ከሆነ 11 የመኪናውን ዓይነት፣ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል መሆኑን ያመለክታል፤ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ገደማ በመሆኑ መኪናው ከነሐሴ 1967 እስከ ሐምሌ 1968 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ተሠርቷል ማለት ነው። ይህም ከእኛ 1960 ጋር ከሞላ ጎደል ይገጥማል። ይህን ስሌት በቃል ለማስረዳት አይሞክሩ፤ ከኋላዎ ሃያ ሰው ተሰልፎ የዘመን አቆጣጠር ትምህርት የሚሰማ ሠራተኛ የለም። በግማሽ ገጽ ጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት። ጠንከር ያለ ማስረጃ ከተጠየቁ በጀርመን ዎልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መሠረት መኪናው የተመረተበትን ቀን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩ ተለውጦ ከሆነ

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቮልስዋገን ከፋብሪካ የወጣበትን ሞተር ይዞ መገኘቱ ብርቅ ነው። የ1200፣ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሲሲ ሞተሮች ያለ ብዙ ችግር ስለሚተካኩ፣ ባለቤቶች እንደተገኘው ሲገጥሙ ኖረዋል። የሞተር ቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደል ዓይነቱን ይናገራል፤ ለምሳሌ በላቲን «ዲ» የሚጀምረው 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1200፣ በ«ኤች» የሚጀምረው ደግሞ የ1500 ነው። ሊብሬው 1200 እያለ ሞተሩ በ«ኤች» ከጀመረ መርማሪው ሊያልፈው አይችልም፤ ሊያልፈውም አይገባም። ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ወይም የመጣበትን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ)፣ የገጠመው ጋራዥ ደብዳቤ ጨምረው፣ የሞተር ለውጡ በሊብሬው እንዲመዘገብ በተለየ ማመልከቻ ይጠይቁ። ይህ ሳይጠናቀቅ የስም ዝውውሩን አይጀምሩ። ቀለሙ ተለውጦ ከሆነም እንዲሁ ነው፣ ግን ያኛው ቀላል ነው።

ደረጃ 4፦ ፋይሉ፣ ውሉና ክሊራንሱ

መኪናው የአዲስ አበባ ታርጋ ካለው ፋይሉ ያለው እዚያ ነው፤ ጅማ ላይ ምንም ከመጀመርዎ በፊት ፋይሉ እንዲዛወር ማስጠየቅ ያስፈልጋል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ፋይል ገጽ ጎድሎት ሊደርስ ስለሚችል፣ ሻጩ በሕይወት ካለ ያለውን አሮጌ ወረቀት ሁሉ፣ ቢጫ የሆነውን የቀረጥ ደረሰኝ ሳይቀር፣ ከእርሱ ተቀብለው ኮፒ ያስቀሩ። ሻጩ ከሞተ ወራሾቹ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ሻጩ በሕይወት ኖሮ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት በውሉ ላይ መኖር አለበት። የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ይጸድቃል፤ መኪናው ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑና ግብሩ መከፈሉም በክሊራንስ ይረጋገጣል። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ስለሆነ ያንን ይዘው ወደ ዓመታዊ ምርመራው ይሂዱ። ፍሬን፣ መብራትና መሪ ሳይስተካከል ቦሎ ለማግኘት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 5፦ መስኮቱ ፊት

በጅማ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ማመልከቻውን በዚያው ቋንቋ ያስጽፉ፤ ቋንቋውን የማይችል ሰው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ በጥቂት ብር ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ስምዎን ልብ ይበሉ፦ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ሲጻፍ አናባቢው አንዴ ነጠላ አንዴ ድርብ እየሆነ ከመታወቂያዎ አጻጻፍ ሊለይ ይችላልና በማመልከቻው፣ በውሉና በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን አስቀድመው ያመሳስሉት። ሠራተኛውን «ኦቦ»፣ ሠራተኛዋን «አዴ» ብሎ በእርስዎታ ማነጋገር በከተማው የተለመደ አክብሮት ነው፤ ዕድሜው የልጅዎ እኩያ ቢሆንም እንኳ አንቱታው አይከፋም።

ቀን ይምረጡ። ዓርብ ዕለት ከ5:30 በኋላ መስኮቱ ለጁምዓ ይዘጋል፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በጀት መዝጊያ ስለሆነ ፊርማ የሚያስፈልገው ኃላፊ በስብሰባ ላይ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 2:30 ላይ መገኘት የተሻለ ነው። ወረቀቶቹን ሠራተኛው በሚፈልጋቸው ቅደም ተከተል ያቅርቡ፦ ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ ሊብሬ፣ ውል፣ ክሊራንስ፣ ኢንሹራንስ፣ የምርመራ ውጤት፤ ማብራሪያዎቹ ከኋላ ይሁኑ። ዋናውን ሊብሬ ሲያስረክቡ መቀበያ ማስረጃ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይራቁ።

በር ላይ የሚቆሙት ጉዳይ አስፈጻሚዎች «ቀላል ነው፣ እኔ አስጨርሳለሁ» ይላሉ። ለዘመናዊ መኪና ምናልባት ይቀልላቸው ይሆናል፤ የዘጠኝ አኃዝ ሻንሲ ምን እንደሆነ ግን ከእርስዎ የተሻለ አያውቁም። ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብም ጉቦ ነው፤ በጉቦ የወጣ ሊብሬ ደግሞ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ባለቤቱን ያስፈራዋል።

ሠራተኛው ከከለከለዎ አይከራከሩ። «የጎደለውን በጽሑፍ ይግለጹልኝ፣ አሟልቼ እመለሳለሁ» ይበሉ። አብዛኛው ሰው በቃል የከለከለውን በጽሑፍ ሲጠየቅ ሕጉን እንደገና ያያል፤ ወይም ወደ ቡድን መሪው ይመራዎታል፤ ሁለቱም ይጠቅምዎታል። የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሆኑን ማወቅ አይጎዳም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ደቂቃ አዋጅ መጥቀስ ጠብ መፈለግ ይመስላል። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተመደበውን ጊዜ ስለሚገልጽ፣ እርሱ ካለፈ በኋላ ወደ ቅሬታ ሰሚ መሄድ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ አዲሱ ሊብሬ ሲሰጥዎ

ከመስኮቱ ሳይርቁ የእርሳሱን ወረቀት አውጥተው ሻንሲውንና ሞተሩን አኃዝ በአኃዝ ያመሳክሩ። ዜሮ «ኦ» ሆኖ፣ አንድ «አይ» ሆኖ የሚጻፈው እዚህ ነው። ዓመቱን፣ ቀለሙን፣ ሲሲውንና የስምዎን አጻጻፍም ይዩ። ስሕተት ካለ ማኅተሙ ሳይደርቅ ሠራተኛው በዚያው ሰዓት ያርመዋል፤ ቤት ከደረሱ በኋላ ከተገኘ ግን እንደ አዲስ በማመልከቻ ይጀመራል።