ቁምጣውን ማን ይልበስ? የኔዘርላንድን የትዳር ስላቅ በመዳብ ላይ ማተም

የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ አታሚዎች በትዳር ለመሳለቅ ከአያቶቻቸው የወረሷቸው ጥቂት ምልክቶች ይበቋቸው ነበር። ባልና ሚስት የሚጓተቱት ሱሪ የቤቱ አዛዥነት ነው፤ በወንድ እጅ የገባ የፈትል ዘንግ ሚስቱ የረታችው ባል፤ ሽማግሌ ለኮረዳ የሚዘረጋው ቦርሳ የተገዛ ፍቅር። ገጣሚው ያኮብ ካትስ በ1625 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የትዳር ምክር መጽሐፍም በሰዓሊው አድሪያን ፋን ደ ቬነ ሥዕሎች የታጀበ ነው። እኛም ይህን ስላቅ በመዳብ ላይ ቀርጸን ስናትም፣ ለጎጃም ሱሪው ቁምጣ፣ ዘንጉ እንዝርት ይሁን።

1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ 15 በ20 ሴንቲሜትር ዝርግ መዳብ ይበቃል። ጠርዙን በሞረድ አጋድሙት፤ አለዚያ ወረቀቱን ይቆርጣል። ፊቱን በጠመኔ ዱቄትና በውሃ እሹት። ውሃው ሳይሸሽ ከተንጣለለ ቅባቱ ለቋል።

መዳቡን ከሚበላው ፈሳሽ ለሚከላከለው ሽፋን 50 ግራም ሰም፣ 50 ግራም የሰዓሊ አስፋልት፣ 25 ግራም ኮሎፎኒ (የጥድ ሙጫ) በዝግታ ይቅለጥ። ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍም ይሆናል፤ ግን በፍል ውሃ ቀልጦ ሁለቴ በጨርቅ ይጠለል። ቆሻሻ የቀረበት ሽፋን ይበሳሳና ሥዕሉ ነጠብጣብ ይሞላል። በሞቀው መዳብ ላይ የሻይ መልክ እስኪይዝ አሳስታችሁ ቀቡት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ በታሰሩ ጧፎች ጭስ አጥቁሩት። ነበልባሉ አንድ ቦታ ከቆመ ሽፋኑ ያርና ይላጣል።

አሁን በመርፌ ሰሙን ብቻ ፋቁ። ህትመቱ ግራና ቀኙን ስለሚገለብጥ ሥዕሉም ፊደሉም በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ይነደፍ፤ ይህን የረሳ እርፍ በግራ የያዘች ሴትና የማይነበብ ግጥም ያገኛል። የኔዘርላንዶቹ ከሥዕሉ ሥር ግጥም ያኖሩ ነበር፤ ለእኛ ሁለት ስንኝ ይበቃል፦

ቁምጣህን አምጣና እርፍ ልያዝበት፣
እንዝርቴን ውሰድና ጥጥ ፍተልበት።

የመዳቡን ጀርባ በቫርኒሽ ሸፍናችሁ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በፕላስቲክ ሳህን፣ የተፋቀውን መስመር በሚበላው ፈሳሽ፣ በፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ንከሩት፤ ፊቱ የሳህኑን ወለል እንዳይነካ ከማዕዘኖቹ ሥር ድጋፍ ይኑር። ወደ ላይ ከሆነ ዝቃጩ መስመሮቹን ይደፍናል። ጓንትና መነጽር አይቅር። ለቀጭን መስመር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለጥቁር እስከ 40፤ በቁራጭ መዳብ ግን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ይፈጥናል፣ በደብረ ማርቆስ ብርድ ይዘገያል። የፊትና የግድግዳ መስመሮች ቶሎ አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ በቫርኒሽ ዝጉ። ቁምጣውና የሚጎትቱት እጆች ይቆዩ፤ ዓይን መጀመሪያ እዚያ ማረፍ አለበት።

ሰሙን በነጭ ጋዝ አጽድታችሁ የህትመት ቀለሙን መስመሮቹ ውስጥ ጠቅጥቁ፤ ትርፉን በሻሽ፣ በመጨረሻም በመዳፍ ጥረጉ። ወፍራም ወረቀት 30 ደቂቃ ይነከርና ላዩ እስከማያብለጨልጭ ይመጠጥ፤ ከዚያ ቀለም በያዘው መዳብ ላይ ተነጥፎ በማተሚያ ይጫን። ከረጠበ ቀለሙን ይገፋል፤ ከደረቀ መስመሩ ይቆራረጣል።