ወደ ባሕር ዳር ስትበሩ ዓባይን የሚያስመልጧችሁ ስህተቶች

እንግዳ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ መቀበል ሥራዬ ነው። ሻንጣቸውን እየጫንኩ «በመንገድ ምን አያችሁ?» እላለሁ። አብዛኞቹ «ጣናን ትንሽ አየን» ይላሉ። ዓባይንስ? «የቱ ጋ ነበር?» ይሉኛል። ጎጃምን በሦስት ጎን ከቦ የሚሄደውን ወንዝ፣ ያን ሁሉ ገደል፣ በላዩ አልፈው ሳያዩት ይመጣሉ። ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ጥፋቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጣና እስኪመጣ መተኛት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ልቡ ሐይቁ ላይ ነው። ቦሌ ላይ ይቀመጣል፣ የመስኮቱን መክደኛ ያወርዳል፣ ወይ ስልኩን ይከፍታል ወይ ያንቀላፋል። «ልናርፍ ነው» ሲባል መክደኛውን ከፍ ያደርጋል። ዓባይ ግን ካለፈ ቆይቷል። በረራው በጠቅላላው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ገደሉ የሚመጣው ከተነሣችሁ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ያልፋል።

በመኪና የተሻገረው ሰው ይህን ገደል ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ፍሬን ይሸታል፣ አፋፉ ላይ የተከናነባችሁትን ጋቢ ታች ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሆኖም ከመኪና የሚታየው የደረሳችሁበት ጥምዝ ብቻ ነው። ከላይ ግን ዓባይ ከምሥራቅ በኩል መጥቶ ወደ ምዕራብ ሲነጉድ ሙሉውን ታያላችሁ። ከላይ ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ታች ቆላው ማሽላ። የገደሉ ግድግዳ ራሱ በቀለም ተለይቷል። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የመጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ አገሩ በጥንት ዘመን ባሕር በነበረበት ጊዜ የተከማቸ ነው። ይህን ሁሉ በነጻ ማየት እየቻሉ መክደኛ ማውረድ አይገባኝም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስመለስ አንድ አባት ከጎኔ ተቀመጡ። ታክመው ወደ ባሕር ዳር፣ ልጃቸው ዘንድ የሚመለሱ ናቸው። «አባባ፣ እዚህ ይሻልዎታል» ብዬ የመስኮቱን ወንበር ሰጠኋቸው። ገደሉ ሲመጣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ጫኑ። «ያውና ድልድዩ። ያ ማዶ ደጀን ነው። እኔ ከአፋፉ ላይ ነው የተወለድሁት። ሌሊት ተነሥቼ በእግሬ ስወርደው ይመሽብኝ ነበር፤ ይኸ እንደ ቦይ ዘለለው!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ ብቻ ያያሉ። በወዲያኛው ረድፍ አንድ ወጣት የመስኮት ወንበር ይዞ፣ መክደኛውን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ተኝቷል። ልቀሰቅሰው ፈልጌ ነበር።

እባካችሁ፣ አውሮፕላኑ ከተነሣ 15 ደቂቃ ሲሞላው ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ ውጭ እዩ።

ሙገርን ወይም ጀማን አይቶ «ዓባይን አየሁ» ማለት

ከዓባይ በፊት በሸዋ በኩል ሌሎች ትልልቅ ሸለቆዎች አሉ። በግራ ሙገር፣ በቀኝ ጀማ። ሁለቱም ወደ ዓባይ የሚገቡ ወንዞች ናቸው፣ ሁለቱም ጥልቅ ናቸው። አዲስ ሰው እነሱን ያይና በቃ ብሎ ፊቱን ያዞራል። የዓባይ ምልክቱ የአስፓልቱ መጠምዘዝና ድልድዩ ነው። አዲሱ በኬብል የተያዘው ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው ነው፣ አሮጌው ከአጠገቡ አለ። ሰማዩ ጥርት ካለና መስመራችሁ በዚያ በኩል ከሆነ ይታያል።

«በግራ ይሻላል» የሚለውን ይዞ ለመመለሻም ግራ መያዝ

ይህ በየጊዜው የሚያጋጥመኝ ነው። ወዳጅ «እኔ በግራ ተቀምጬ ደስ ብሎኝ ነበር» ይላል። ሰውየው ለመሄጃም ለመመለሻም ግራ ይቆርጣል። አውሮፕላኑ ሲመለስ እኮ ዞሯል! ሲሄድ በግራ የነበረው አገር ሲመለስ በቀኝ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው ደግሞ ፊታችሁን ወደ አብራሪው አዙራችሁ ነው። «ኤ» የተጻፈበት ወንበር ሁልጊዜ የግራ መስኮት ነው።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አቅጣጫ ሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ በግራ በኩል ሙገር፣ ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ማረፊያው ስትጠጉ የመራዊው የቆጋ ግድብ አለ። በቀኝ በኩል ጀማ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጢስ ዓባይ አካባቢ። የጮቄ ተራራ ከመስመሩ እጅግ ስለሚቀርብ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ እንደ ዕለቱ መንገድ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ግን ቀና ብሎ ይቀርባችኋል። ዋናው ዓባይ በሁለቱም በኩል ይታያል። ስለዚህ ጎን የሚያስመርጠው ወንዙ ሳይሆን ፀሐይ ነው።

ፀሐይን ሳያስቡ መቁረጥ

ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ፀሐይ በቀኝ ናት። መስታወቱ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ያበራል፣ ሸለቆው ይነጣል። ጠዋት ግራ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ቀኝ። ስትመለሱ ጠዋት ቀኝ፣ ከሰዓት ግራ። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ፤ 7:00 ሲል ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ቀትርን ከቻላችሁ ተዉት፣ ጥላ ስለሌለ ገደሉ ዝርግ ይመስላል። ጠዋትና ወደ ማታ ግን ጥላው ጥልቀቱን ያወጣዋል። ከፀሐይ ተቃራኒ መቀመጥ ሌላም ስጦታ አለው። ከሥራችሁ ደመና ካለ የአውሮፕላኑ ጥላ በላዩ ሲሄድ፣ ዙሪያውን ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ቀለበት ታያላችሁ።

የመስኮት ወንበር ሁሉ ያሳያል ብሎ ማመን

አውሮፕላኑን እወቁ። ቦይንግ 737 ከሆነ ክንፉ ከመስኮቱ በታች ነው፤ መሀል ላይ የተቀመጠ ሰው ክንፍ ሲያይ ይውላል። ለእግር ሰፊ ነው ብለው የአደጋ መውጫውን የሚመርጡም እዚያው ክንፍ ላይ ናቸው። ከክንፉ ፊት ያዙ። ከኋላ የሞተሩ ትኩስ አየር እይታውን ያንቀጠቅጠዋል። ከክንፉ ፊት ባለው ክፍል ደግሞ አንዳንዱ 737 ላይ ጭራሽ መስኮት የሌለው የመስኮት ወንበር አለ። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የወንበሩን ካርታ እዩ።

ፕሮፔለር ያለው ኪው 400 ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ክንፉ ከላይ ነው፣ መሬቱ ከሥራችሁ ግልጥ ነው። ከሞተሩ ጎን ካሉት ረድፎች ብቻ ራቁ።

በየካቲት መጥቶ መስከረምን መጠበቅ

ሐምሌና ነሐሴ ደመና ነው፣ ዕድል ይጠይቃል። የካቲትና መጋቢት አቧራና ጭጋግ አለ፣ መሬቱም ቡናማ ነው። ምርጡ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። መጀመሪያ አደይ አበባው፣ ቀጥሎ ጤፉ ሲነጣ። በዚህ ጊዜ ማሳው መሀል ክብ ክብ ሆነው የሚታዩትን ጥቁር አረንጓዴ ነጥቦች ልብ በሉ። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው ቅጥሩ ውስጥ ነው። ይህን ከመሬት ሆናችሁ እንደዚህ አታዩትም።

ግሽ ዓባይን መፈለግ

ሰከላ ያለው የዓባይ መነሻ ምንጭ ትንሽ ነው፣ ከአውሮፕላን አይታይም።

ጢስ ዓባይን በበጋ መጠበቅ

ፏፏቴው ወደ 42 ሜትር ከፍታ አለው፣ ግን በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ቀጭን ነው። ክረምት ሲወጣ፣ በቀኝ መስኮት፣ ማረፊያው ሲቃረብ የሚነሣውን ጢስ ፈልጉ። ያላየ ሰው አይዘን፤ ከከተማ በመኪና ሄዶ ያየዋል።

ፎቶ ላይ ብቻ መጣበቅ

ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አትደግፉት፣ ንዝረቱ ያደበዝዘዋል። ነጠላ ወይም ጥቁር ጃኬት በዙሪያው ያዙ፣ ነጸብራቁን ያስቀራል። አንድ ሁለት አንሡና ከዚያ በዓይናችሁ እዩ። ካረፋችሁ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ፎቶ አታንሡ፣ ችግር ያመጣባችኋል።

ጣና በየትኛው በኩል እንደሆነ እርግጠኛ መሆን

ነፋሱ ነው የሚወስነው። አንዳንዴ ከደቡብ ምዕራብ ገብቶ ያርፋል፤ ያኔ ሐይቁ በግራና በፊት ነው። አንዳንዴ ደግሞ በውሃው ላይ ዞሮ ይመጣል፤ ያኔ በቀኝ የዘጌ ደን፣ በግራ ከተማውና ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይም እዚያው ፈልጉ። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየትኛውም በኩል ጨርሶ አያመልጣችሁም። ለእሱ ብላችሁ ከፀሐይ ተቃራኒ የሆነውን ጎን አትልቀቁ።

ለመጠየቅ ማፈር

ቼክ ኢን ላይ «መስኮት» ብቻ ካላችሁ ክንፍ ላይ ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ። ጠዋት ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ «በግራ በኩል፣ ክንፍ የማይጋርደው» በሉ። ካልተገኘ ተሳፍራችሁ በሩ ሲዘጋ ባዶ ወንበር ካያችሁ ሆስተሷን በትሕትና ጠይቁ። ሳትጠይቁ ግን አትነሡ። በትንንሽ አውሮፕላኖች የተሳፋሪው አቀማመጥ ለሚዛን የተሰላ ነው፤ እሷ እሺ ካለች ብቻ ተቀየሩ።