ሲቀዘቅዝ ፎከስ የሚያጣ ስፔክትሮሜትር፦ ጣጣው ጀርመኒየሙ ጋ ነበር

ለከባቢ አየር ሙቀት ልኬታ የሚሆን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር እየሞከርን ነበር። ግሬቲንግ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመት የሚለያይ ባለ ጭረት ገጽ) ያለው ነው፤ እስከ 155 ኬልቪን ይቀዘቅዛል። የናሳው አኳ ሳተላይት ላይ ያለው ኤርስ የተባለ ስፔክትሮሜትርም እዚያው አካባቢ እንዲሠራ የተነደፈ ነው።

ምልክቱ ይኸው። ዜማክስ የተባለው የኦፕቲክስ ዲዛይን ሶፍትዌር ባሰላው ልክ ዲቴክተሩን ከሌንሱ አራቅነው፣ ቫክዩም ውስጥ አቀዘቀዝነው። 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመሮች ደበዘዙ። ጎረቤታሞቹ ተዋዋጡ።

ስሊቱን (ብርሃን የሚገባበትን ቀጭን ክፍተት) አጠበብነው፤ ብርሃን ብቻ ቀነሰ። ግሬቲንጉን እንደገና አሰለፍነው፤ ሁለት ቀን በላ፣ ለውጥ የለም። የአሉሚኒየሙን መኮማተር ጠረጠርን፤ እሱ ግን ሞዴሉ ውስጥ ገብቷል።

በመጨረሻ የሌንሱን ዳታ ከፈትኩ። ሌንሱ ከጀርመኒየም የተሠራ ነው፤ ፋይላችን ውስጥ ያለው የጀርመኒየም ኢንዴክስ (ብርሃንን የማጠፍ መጠኑ) ከክፍል ሙቀት ተነስቶ በቀጥታ መስመር ይወርዳል። እውነተኛው ጀርመኒየም ግን እየቀዘቀዘ ሲሄድ ለውጡም እየቀነሰ ይመጣል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ይህ ወደ 0.1 ሚሜ የፎከስ ስህተት ያመጣል። በኤፍ/2 (የትኩረት ርዝመቱ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ሁለት እጥፍ ሲሆን) ደግሞ ብዥታው አንድ ሙሉ ፒክሰል ነው!

የሠራው ይህ ነው፦ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቻርምስ በተባለው መሣሪያ በቅዝቃዜ የለካቸውን ኢንዴክሶች ወሰድኩ፤ ለጀርመኒየም ከ20 እስከ 300 ኬልቪን ይሸፍናሉ። የ155 ኬልቪኑን ኢንዴክስ አውጥቼ ሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ አዲስ መስታወት (የሌንስ ቁስ) አስገባሁ። የዚህን መስታወት የሙቀት እርማት ዜሮ አደረግሁ፤ አለበለዚያ ሁለቴ ይታረማል። የሞዴሉን የአየር ግፊትም ዜሮ። ቁጥሮቹ የቫክዩም ስለሆኑ ሶፍትዌሩ የአየር አድርጎ እንዳይወስዳቸው ተጠንቀቁ።

ዲቴክተሩን አዲሱ ስሌት ባለው ቦታ አስቀምጠን አቀዘቀዝን። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተለዩ።