ሽጉጥ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ ለኢላማ ተኩስና በልብስ ሥር ለመታጠቅ

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እየኖሩ የመጀመሪያ ሽጉጣቸውን በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት ለሚያስቡ የተጻፈ ነው። የገዢዎች ስህተት አብዛኛው የሚፈጸመው ገና መደብር ውስጥ ሳሉ ነው። በኋላ ሲታወቅ ደግሞ ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ካልለመዱት መሣሪያ ጋር መኖር ደግሞ አደገኛ ነው።

አንዱን ሽጉጥ ለሁለቱም ሥራ መግዛት

ለኢላማ የሚመቸው ሽጉጥ ረጅም፣ ከበድ ያለ፣ ምላጩም ለስላሳ ነው። በልብስ ሥር የሚታጠቁት ግን አጭር፣ ቀጭንና ቀላል፣ ምላጩም ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት 235 ሚሊ ሜትር በሆነበት የኢላማ ሽጉጥ የፊቱ ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ጥይቱ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። ርቀቱ 130 ሚሊ ሜትር በሆነበት ትንሽ ሽጉጥ ያው መዛነፍ 77 ሚሊ ሜትር ያስታል። ኢላማው 25 ሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ወደ 190 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የእጅዎ ችሎታ ያው ነው፤ አጭሩ ሽጉጥ ግን ጥቃቅን ስህተትን አያልፍም።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩበትን ሥራ ይወስኑ። ኢላማ ብቻ ከሆነ እንደ ሩገር ማርክ 4 ያለ ባለ .22 (የጥይቱ ስፋት በኢንች) ሽጉጥ ይበቃል፤ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ አይራገጥም፣ ምላጭ አሳሳብን ከምንም በላይ ያስተምራል። ለመታጠቅ ግን አንመክረውም፤ የ.22 ጥይት ከ9 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይከሽፋል። አንድ ሽጉጥ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መካከለኛውን ቢይዝ ይሻለዋል። ለምሳሌ ግሎክ 19 የአፈሙዙ ርዝመት 102 ሚሊ ሜትር ሲሆን 15 ጥይት ይይዛል፤ ከሸሚዝ ሥር ይደበቃል፣ ኢላማ ላይም አያሳፍርም።

“ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል” ማለት

ከሁሉም ስህተት ይህ ይበልጥ ያሳስበናል፤ ብዙ ሻጮችና ባሎች ለሴቶች የሚመርጡት በዚህ ሐሳብ ነውና። ያው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከ500 ግራም ሽጉጥ ሲተኮስ፣ ከ900 ግራሙ ጋር ሲነጻጸር እጅ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበት ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። ጀማሪው ከአሥር ጥይት በኋላ ርግጫውን እየፈራ ዓይኑን መጨፈን፣ ከመተኮሱ በፊትም አፈሙዙን ወደ ታች መግፋት ይጀምራል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለመላቀቅ ወራት ይፈጃል።

ትንሹ ሪቮልቨርም (ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ) እንዲሁ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ክብደቱ ወደ 400 ግራም ሲሆን የሚይዘው አምስት ጥይት ብቻ ነው። ምላጩን ለመሳብ ደግሞ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። የሚመዝነውን ከአሥር እጥፍ በላይ በአንድ ጣት እየሳቡ ቀጥ አድርጎ መያዝ የልምድ ተኳሽ ሥራ ነው። የጣት አቅም ያነሰው ሰው በዚህ ከሚታገል፣ ቃታው (በእጅ ወደ ኋላ የሚሳበው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) በቀላሉ የሚሳብ መካከለኛ ሽጉጥ ቢፈልግ ይጠቀማል።

በእጅ ሳይለኩ በመልክ መምረጥ

መደብሩ ውስጥ ሻጩ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጥቶ ጉሮሮው (ጥይት የሚጎርስበት ቦታ) ባዶ መሆኑን ያሳይዎት፤ እርስዎም በዓይንዎና በጣትዎ ደግመው ያረጋግጡ። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እጀታው ላይ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገው ይያዙት። አፈሙዙ ከክንድዎ አጥንት ጋር አንድ መስመር ላይ መዋል አለበት። የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያው አንጓ ሥጋማ ክፍል ምላጩ መካከል ላይ ካረፈ ልክዎ ነው። ጣቱ ጫፉን ብቻ ካስነካ እጀታው ወፍሮብዎታል፤ በምላጩ አልፎ ከታጠፈ ቀጥኖብዎታል። ሁለቱም ጥይቱን ወደ ጎን እየገፉ ሊያስቱ ይችላሉ። ብዙ አዳዲስ ሽጉጦች የእጀታ ጀርባ መቀያየሪያ አብረው ይዘው ስለሚመጡ ሁሉንም ይሞክሩ። ቃታውን ሦስት አራት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሳቡ፤ የካዝና መልቀቂያውን አያያዝዎን ሳይፈቱ ይንኩት።

ሳይተኩሱ መግዛት

ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሦስት ዓይነት ይከራዩና በእያንዳንዱ ቢያንስ 50 ጥይት ይተኩሱ። 7 ሜትር ላይ አምስት አምስት ጥይት እየተኮሱ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይለኩ። የመጨረሻዎቹ አምስቶች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ከተበተኑ ርግጫው አድክሞዎታል፤ ያ ሽጉጥ ለእርስዎ አይደለም።

በጥይት ስፋት መማረክ

.40ና .45 ጥይት “ኃይለኛ ነው” ተብሎ ይገዛል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ .40ን ትቶ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል፤ ርግጫው ስለሚያንስ ወኪሎቹ ቶሎና በትክክል ይመታሉ፣ ካዝናውም ብዙ ይይዛል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ዋጋውም ስለሚቀል ልምምድ አይቋረጥም።

የልምምድና የትጥቅ ጥይትን አንድ አድርጎ ማየት

በልምምድ ክብ አፍ ባለው ጥይት ምንም ያልነከሰ (ጥይት ያልተቀረቀረበት) ሽጉጥ፣ አፉ ባዶ በሆነው ሆሎው ፖይንት ጥይት ሊነክስ ይችላል፤ የጥይቱ አፍ ቅርጽ ወደ ጉሮሮ ሲገባ መንገዱን ይለውጠዋልና። ከመታጠቅዎ በፊት 200 የልምምድ ጥይት፣ ሊታጠቁት ከመረጡት ደግሞ ቢያንስ 50 ያለ አንድ ንክሻ መውጣት አለበት። ከነከሰ መጀመሪያ አያያዝዎን ይዩ፤ የእጅ አንጓ ሲላላ ቃታው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ቀልሃው አይወጣም። በጠንካራ እጅ እየተያዘም ደጋግሞ የሚነክስ ከሆነ ካዝናውን ወይም ጥይቱን ይቀይሩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ሽጉጡን በየማታው አራግፈው ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሰው የሚያጎርሱ ከሆነ፣ የጥይቱ እርሳስ ቀልሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይገፋል። ያጠረ ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይሆናል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመው ርዝመቱን ያወዳድሩ፤ ካጠረ አይጠቀሙበት።

የምላጩን ጉልበት ማሳነስ

በኦሎምፒክ የ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድር ዝቅተኛው የምላጭ ክብደት 1000 ግራም ነው። ለኢላማ ደስ ይላል። በወገብ ለሚታጠቁት ግን ፋብሪካው የሠራውን 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይተዉት፤ የደነገጠ እጅ 1 ኪሎ ግራምን ሳያውቀው ይስባል።

አፎትና ቀበቶን ርካሽ ማድረግ

ለስላሳ የጨርቅ አፎት ሽጉጡ ሲወጣ ይተጣጠፋል፤ መልሰው ሲከቱት የአፎቱ ጠርዝ ወይም የሸሚዝ ጫፍ ምላጭ ውስጥ ይገባና ሽጉጡ ይተኩሳል። በራስ ጭን ላይ ለሚደርሱ ጉዳቶች አንዱ መነሻ ይህ ነው። ከካይደክስ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ለዚያው ለሽጉጥዎ ሞዴል የተቀረጸ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይግዙ። ፈተናው ቀላል ነው። የተራገፈውን ሽጉጥ ይክተቱትና ከውጭ በኩል ምላጩ ባለበት ቦታ በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ምላጩ ከተነቃነቀ ይመልሱት። ሲከቱ ጣትዎ ውጭ ሆኖ፣ ልብስዎን ገልጠው፣ በዓይንዎ እያዩ፣ ቀስ ብለው ይክተቱ። በቀላል ቀበቶ ሽጉጡ ይወዛወዛል፣ ልብስም ላይ ይታያል። በጀትዎን ሲያወጡ ሽጉጡን ብቻ አይቁጠሩ፤ አፎት፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ ሁለት ትርፍ ካዝና፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ልጆች የማይከፍቱት ባለቁልፍ ሣጥንና ሥልጠናም አለ።

ሕጉን ከግዢ በኋላ ማንበብ

ሽጉጡን ሳይመርጡ ግዛትዎ ምን እንደሚፈቅድ ይወቁ። ሜሪላንድ ውስጥ የሚሸጠው በግዛቷ የሽጉጥ ዝርዝር ላይ የሰፈረ ሞዴል ብቻ ነው፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም አይሸጥም። ለመግዛት አንድ ፈቃድ፣ ለመታጠቅ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለሁለተኛው 16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ የመታጠቂያ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ይሠራል፤ ሜሪላንድም ዲሲም ግን አይቀበሉትም። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ ድልድዩን ወደ ሜሪላንድ የተሻገረ ሰው ያለ ፈቃድ እንደታጠቀ ይቆጠራል።

ገንዘብ ተቀብሎ፣ ራሱ መግዛት ለማይችል ዘመድ መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሲገዙ የሚሞሉት ቅጽ 4473 እውነተኛው ገዢ እርስዎ መሆንዎን፣ እንዲሁም የተከለከለ አነቃቂ ነገር የሚጠቀሙ መሆን አለመሆንዎን ይጠይቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከተከለከሉት መካከል በአንደኛው ደረጃ ላይ የተመደበ ነው። “ጫት ምን አለው” ብለው “አልጠቀምም” የሚለው ላይ ምልክት አድርገው አይፈርሙ፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ለብቻው ወንጀል ነው።